አዲስ ኮምፒዩተር ስለምን ድንገት ይቆማል? የአንድ ብልሽት ፍለጋ ታሪክ

ከመሣሪያ ብልሽቶች ሁሉ መሐንዲስን እጅግ የሚያደክመው ጨርሶ የተሰበረው አይደለም። የተሰበረው በዓይን ይታያል፤ ይለወጣል፤ ነገሩም በዚያው ያበቃል። አድካሚው አንድ ጊዜ እየታየ ሌላ ጊዜ የሚሰወረው ነው። ወባ የያዘው ሰው ሐኪም ቤት በደረሰበት ሰዓት ትኩሳቱ በርዶለት እንደሚገኝ ሁሉ፣ እንዲህ ያለው መሣሪያም በጠጋኙ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ጤነኛ መስሎ ይውላል፤ ወደ ባለቤቱ ቤት ሲመለስ ግን የለመደውን አመሉን ይጀምራል።

አዲስ ላፕቶፕ ገዝቶ በሳምንቱ የሚታመስ ሰው የሚገጥመው ይኸው ነው። ጽሑፍ በመጻፍ ላይ ሳለ ምስሉ ባለበት ድርቅ ይላል፤ ወይም ሰማያዊ ገጽ ብቅ ብሎ ኮምፒዩተሩ ራሱን አጥፍቶ ይነሣል፤ ወይም ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ ጸጥ ይላል። ዕቃው አዲስ በመሆኑ ባለቤቱ በመጀመሪያ የሚጠረጥረው ራሱን ነው። ሻጩም ይህንኑ ጥርጣሬ ያጠናክርለታል፤ «ምን ጫንህበት?» ይለዋል። የሶፍትዌሩ አዘጋጅ ወደ ሃርድዌሩ ይጠቁማል፤ የሃርድዌሩ አምራች ወደ ሶፍትዌሩ። በዚህ መካከል የዋስትናው ዘመን ቀን በቀን ያልፋል። ገዢው በእጁ ያለው አንድ ኮምፒዩተር ብቻ ስለሆነ ጥፋቱ የእርሱ አለመሆኑን የሚያስረዳበት ነገር የለውም። ከአምራቹ እጅግ ርቆ ለሚገኝ ገዢ ደግሞ ነገሩ የባሰ ነው፤ ዕቃውን መልሶ መላክ ከዕቃው ዋጋ ጋር የሚፎካከር ወጪ ሊያስከትል ይችላልና።

ይህ ዓይነቱ ጭቅጭቅ ከላፕቶፕ በፊት የነበረ፣ ከኤሌክትሮኒክ ኮምፒዩተር ጋር የተወለደ ነው። ወደ ሰማንያ ዓመት የሚጠጋውን ታሪኩን የተከታተለ ሰው አንድ ነገር ደጋግሞ ያገኛል። ኮምፒዩተሩ ሲቆም የሚያሳየው መልእክት የወደቀበትን ስፍራ ይናገራል እንጂ ያደናቀፈውን ድንጋይ አያሳይም። ድንጋዩ የተገኘው ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ፣ የብዙ መሣሪያዎች አወዳደቅ ተመዝግቦ ጎን ለጎን በተተያየ ጊዜ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በአሜሪካ በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ኤኒያክ በፌብሩዋሪ 1946 ለሕዝብ በታየ ጊዜ በውስጡ ወደ 18,000 የሚጠጉ፣ በቀድሞ ራዲዮኖች ውስጥ ይገኙ የነበሩትን የመሰሉ ቫልቮች ነበሩት። አንድ ራዲዮ በጥቂት ቫልቮች ሠርቶ ከጊዜ ወደ ጊዜ የሚበላሽ ከሆነ 18,000 ቫልቭ የተሸከመ መሣሪያ አንዲት ሰዓት እንኳ ሳይቋረጥ ሊሠራ እንደማይችል ብዙዎች ተናግረው ነበር። ስሌቱ የተሳሳተ አልነበረም። ሊቃውንቱ ያልገመቱት ዋናው መሐንዲስ ፕሬስፐር ኤከርት ቫልቮቹን ከተፈቀደላቸው ኃይል በታች እንዲሠሩ ማድረጉን ነው። አንድ ዕቃ ሊሸከም ከሚችለው በታች ሲጫንበት ዕድሜው ይረዝማል፤ ይህን አህያ ጫኝ ሁሉ ያውቀዋል።

ከዚህም ሌላ መሐንዲሶቹ የቫልቮቹን አሟሟት ሲመዘግቡ፣ አብዛኞቹ የሚቃጠሉት መሣሪያው በሥራ ላይ ሳለ ሳይሆን ሲበራና ሲጠፋ፣ ማለትም ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ መሆኑን ተገነዘቡ። ከዚያ ወዲያ ኤኒያክን አለማጥፋት ልማድ ሆነ። ኤከርት ከብዙ ዓመታት በኋላ እንዳስታወሰው በሁለት ቀን ገደማ አንድ ቫልቭ ይሞት ነበር፤ የሞተውንም በ15 ደቂቃ ውስጥ ፈልጎ ማግኘት ይቻል ነበር። መሣሪያው ሳይቋረጥ የሠራበት ረጅሙ ጊዜ 116 ሰዓት ሲሆን ይህም በ1954 ነው። ማሞቅና ማቀዝቀዝ ስለሚያስከትለው ጉዳት የተገኘው ይህ ዕውቀት ከስድሳ ዓመት በኋላ በላፕቶፕ ላይ እንደ አዲስ ነገር ተመልሶ መምጣቱ ከታች ይታያል።

ኤኒያክ የጥይት መንገድ የሚያሰላ መሣሪያ ስለነበረ ቢቆም ሥራው ይዘገያል እንጂ ሌላ ጉዳት አልነበረውም። በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም በጄይ ፎሬስተር መሪነት የተሠራው ወርልዊንድ ግን የተለየ ዕዳ ነበረበት። ለአየር መከላከያ የዋለ በመሆኑ የራዳርን ወሬ እየተቀበለ በዚያው ቅጽበት መልስ መስጠት ይገባው ነበር። የጠላት አውሮፕላን በሚመጣበት ሰዓት ለ15 ደቂቃ ቫልቭ መፈለግ አይታሰብም። ስለዚህ የወርልዊንድ መሐንዲሶች ብልሽትን ከመጠበቅ ይልቅ ሄደው ሊቀሰቅሱት ወሰኑ።

ዘዴው እንዲህ ነበር። ለጥገና በተመደበው ሰዓት ኮምፒዩተሩ መልሱ አስቀድሞ የታወቀ ሥራ እየሠራ ሳለ፣ ለአንዱ ክፍል የሚሄደው ቮልቴጅ ሆን ተብሎ ከተለመደው በላይና በታች ይደረጋል። ጤነኛው ክፍል ይህን ጉትጎታ ችሎ ሥራውን ይቀጥላል። እያረጀ የመጣው፣ ነገር ግን በተለመደው ቮልቴጅ ገና የማይሳሳተው ቫልቭ በዚህ ጊዜ ይሳሳታል፤ ተነቅሎም በአዲስ ይተካል። በማግስቱ ወይም በሳምንቱ፣ በማይመች ሰዓት ሊመጣ የነበረው ብልሽት በቀጠሮ እንዲመጣ ተደረገ ማለት ነው። «የህዳግ ምርመራ» ሊባል የሚችለው ይህ ዘዴ ከኮምፒዩተር ምሕንድስና የመጀመሪያ ዘመን ሐሳቦች እጅግ የሚደነቀው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። አንድ መሣሪያ «ይሠራል» ወይም «አይሠራም» ተብሎ በሁለት የሚከፈል እንዳልሆነ፣ በሁለቱ መካከል ሰፊ ወይም ጠባብ ህዳግ እንዳለ፣ ድንገተኛ መቆም የሚመጣውም ይህ ህዳግ ሲሟጠጥ እንደሆነ በግልጽ ያሳየ እርሱ ነውና። ዛሬ ላፕቶፕ ሲጠረጠር ፕሮሰሰሩን ለሰዓታት የሚያስጨንቅ ፕሮግራም መጫን የዚሁ ዘዴ ዘር ነው።

ቫልቭ በትራንዚስተር፣ ትራንዚስተርም በቺፕ ከተተካ በኋላ የብልሽቱ ቁጥር እጅግ ቀነሰ፤ ነገር ግን ነገሩ ከዓይን ራቀ። የተቃጠለ ቫልቭ ፍሙ ስለሚጠፋ በዓይን ይታያል። በቺፕ ውስጥ የተሳሳተ አንድ ቢት ግን ምንም ምልክት አይተውም። በ1970ዎቹ አጋማሽ ላይ የኢንቴል ኩባንያ የማስታወሻ ቺፖች አዲስ ጠባይ ማሳየት ጀመሩ። አንድ ቢት ያለ ምክንያት ከዜሮ ወደ አንድ ወይም ከአንድ ወደ ዜሮ ይለወጣል፤ ቦታው ተመልሶ ሲጻፍበት ደግሞ ደኅና ሆኖ ይገኛል። ስሕተቱ በዚያው ስፍራ አይደገምም። ቺፑ ቢመረመር አንዳች ጉድለት አይገኝበትም።

ምስጢሩን ቲሞቲ ሜይና መሪ ዉድስ የተባሉ ሁለት የኩባንያው ተመራማሪዎች በ1978 ገለጡት። ቺፖቹ በተጠቀለሉበት የሴራሚክ መያዣ ውስጥ እጅግ ጥቂት የሆነ ዩራኒየምና ቶሪየም ነበረ። እነዚህ ንጥረ ነገሮች አልፋ የሚባል ቅንጣት ይተፋሉ። አንዱ የአልፋ ቅንጣት ሲሊከኑን ሰንጥቆ ሲያልፍ በመንገዱ ላይ ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጡ ኤሌክትሮኖችን ነፃ ያወጣል። የማስታወሻ ቺፕ አንድን ቢት የሚይዘው በጥቂት የኤሌክትሪክ ሙል ነው፤ ቺፖቹ እያነሱ ሲሄዱ ይህ ሙል ከአልፋው ሥራ ጋር የሚመጣጠን ሆነ። ሜይና ዉድስ ግምታቸውን ያረጋገጡት ከቺፖቹ አጠገብ የአልፋ ምንጭ አቅርበው ስሕተቱ ሲበዛ በማየት ነው። ከዚያ ወዲህ አምራቾች የመያዣውን ንጥረ ነገር ማጥራትና ቺፑን በመከላከያ ሽፋን መቀባት ያዙ።

የአንድ ኮምፒዩተር ባለቤት ይህን ሊያገኘው ይችል ነበርን? ፈጽሞ አይችልም። ስሕተቱ በአንድ ኮምፒዩተር ላይ አልፎ አልፎ የሚታይ ከሆነ ፕሮግራሙ፣ መብራቱ፣ ወይም የሰው እጅ ተጠያቂ ሆኖ ይቀር ነበር። ነገሩ ብልጭ ያለው በርካታ ቺፖች በአንድነት ተፈትነው ስሕተታቸው ስለተቆጠረ ነው።

በዚህ ዘመን ሠሪዎቹ ለተጠቃሚው አንድ ውለታ ይውሉለት ነበር። አይቢኤም በ1981 ያወጣው የግል ኮምፒዩተር ለእያንዳንዱ ስምንት ቢት ዘጠነኛ መቆጣጠሪያ ቢት ነበረው። ቁጥሩ አልጣጣም ሲል ኮምፒዩተሩ የማስታወሻ ስሕተት መሆኑን በግልጽ ጽፎ ወዲያው ይቆማል። ተጠቃሚው ይህን እንደ ነውር ሊቆጥረው ይችላል፤ ሆኖም መቆሙ ታማኝነት ነበር። የተሳሳተ ሒሳብ ይዞ ከመቀጠል ሥራን ማቋረጥ ይሻላል። በ1990ዎቹ አጋማሽ ግን ዋጋ ለመቀነስ ሲባል ዘጠነኛው ቢት ከአብዛኞቹ የግል ኮምፒዩተሮች ተወገደ። ሰርቨሮች ከዚያ የተሻለ፣ ስሕተትን የሚያርም ማስታወሻ ይዘው ቀጠሉ፤ አብዛኛው ላፕቶፕ እስከ ዛሬ ያለ እርሱ ይሸጣል። ከዚህ ቁጠባ የተረፈው ገንዘብ ጥቂት ነው፤ የጠፋው ነገር ግን ቀላል አይደለም። የማስታወሻው ስሕተት የፕሮግራም ስሕተት መስሎ መታየት የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነውና።

የስሕተቱ መጠን ምን ያህል እንደሆነ በሰፊው የታየው በ2009 ሲሆን፣ ቢያንካ ሽሮደር ከጉግል ተመራማሪዎች ጋር ሆና የኩባንያውን ሰርቨሮች መዝገብ ከመረመረች በኋላ ነው። በዓመት ውስጥ ከሦስቱ ኮምፒዩተሮች አንዱ ገደማ ቢያንስ አንድ ሊታረም የሚችል የማስታወሻ ስሕተት ያሳይ ነበር፤ ከማስታወሻ ካርዶቹም ከመቶ ስምንት የሚበልጡት በዓመቱ ውስጥ ስሕተት ተገኝቶባቸዋል። ከሁሉ የሚያስገርመው ደግሞ አብዛኛው ስሕተት በአልፋ ቅንጣት የሚመጣው ዓይነት፣ ማለትም አንዴ ታይቶ የሚጠፋው አለመሆኑ ነው። ስሕተቱ ይደጋገም ነበር፤ ይህም የካርዱን የራሱን ድካም ያመለክታል።

ሶፍትዌሩስ ነፃ ነውን? አይደለም፤ እንዲያውም ዝናውን በሥራው ያገኘ ነው። በዊንዶውስ ኤንቲ በ1993 የታየው ሰማያዊ ገጽ በዓለም ዙሪያ መሳለቂያ እስኪሆን ድረስ ሲታወቅ፣ ማይክሮሶፍት የወደቁ ኮምፒዩተሮች ዘገባቸውን በኢንተርኔት በኩል ለኩባንያው እንዲልኩ አደረገ። በ2003 በታተመ ጥናት መሠረት በዊንዶውስ ኤክስፒ ላይ ከተዘገቡት ውድቀቶች ከመቶ 85 የሚሆነው ከድራይቨሮች፣ ማለትም ልዩ ልዩ ዕቃዎችን ከኮምፒዩተሩ ጋር ከሚያነጋግሩት ፕሮግራሞች የመጣ ነበር። ዊንዶውስ ቪስታ በወጣበት በ2007 ደግሞ ከተመዘገቡት ውድቀቶች ከመቶ 28.8 የሚሆነው ከአንድ አምራች፣ ከኤንቪዲያ የግራፊክስ ድራይቨሮች ጋር የተያያዘ እንደነበረ በፍርድ ቤት ከቀረቡ የማይክሮሶፍት ሰነዶች ታውቋል። ስለዚህ አዲስ ላፕቶፕ ሲቆም «ድራይቨሩን አድስ» የሚለው የመጀመሪያ ምክር መሠረት አለው። ጉዳቱ ይህ ምክር የመጀመሪያ ከመሆን አልፎ ብቸኛ ምክር መሆኑ ላይ ነው።

ከዚህ በተቃራኒ በዚያው ዘመን የሊነክስ ተጠቃሚዎች ሌላ ልማድ አዳብረው ነበር። የሥርዓቱን እምብርት ከምንጩ ማጠናቀር ፕሮሰሰሩንም ማስታወሻውንም ለረጅም ጊዜ ያለ ዕረፍት ያሠራል። በዚህ መካከል ሥራው በየጊዜው በተለያየ ስፍራ የሚቋረጥ ከሆነ ፕሮግራሙ ሳይሆን ዕቃው መታመሙን ያውቁ ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የፕሮግራም ስሕተት በአንድ ስፍራ ይጸናል፤ የዕቃ ስሕተት ግን ቦታ ይለዋውጣል። ክሪስ ብሬዲ የተባለ ሰው በዚያው በ1990ዎቹ ያዘጋጀው ሜምቴስት የተባለው የማስታወሻ መፈተሻም ከዚህ ልማድ ጋር የሚሄድ ነው። ሌላ ሥርዓት ሳይነሣ ብቻውን ስለሚሠራ በድራይቨር ሊሳበብ አይችልም።

የዚህ ልማድ ጥቅም በ2000 ታየ። ኢንቴል በፍጥነት ከተፎካካሪው ከኤኤምዲ ጋር ሲሽቀዳደም በጁላይ 31 ባለ 1.13 ጊጋኸርዝ ፔንቲየም 3 አወጣ። ለግምገማ የተላከለት ቶማስ ፓብስት የተባለ የሃርድዌር ጸሐፊ አዲሱ ፕሮሰሰር የሊነክስን እምብርት አጠናቅሮ መጨረስ እንደማይችል ጻፈ። በመጀመሪያ የተሳሳተው እርሱ ነው የሚል ጥርጣሬ ነበር፤ ሌሎች ገምጋሚዎች ግን በየራሳቸው ፕሮሰሰር ሞክረው ውጤታቸውን አስተያዩ። ኢንቴልም በራሱ ቤተ ሙከራ ችግሩን አይቶ በኦገስት 28 ፕሮሰሰሩን ከገበያ መልሶ ሰበሰበው። አንድ ወር እንኳ አልሞላውም። እዚህ ላይ የጠበበው ወርልዊንድ ይመረምረው የነበረው ህዳግ ነው፤ ፍጥነቱ ሲጨምር የሚበላው ከእርሱ ነውና።

በላፕቶፕ ላይ የደረሰው ትልቁ ነገር ግን ከዚህ ስምንት ዓመት በኋላ የመጣው ነው። በ2007 እና በ2008 የተሸጡ የታወቁ አምራቾች ላፕቶፖች ምስላቸው ይሰነጣጠቅ፣ ይጨልም፣ ከዚያም ጨርሶ ይጠፋ ጀመር። ኤንቪዲያ በጁላይ 2008 ለዋስትናና ለጥገና የሚሆን ከ150 እስከ 200 ሚሊዮን ዶላር መመደቡን አስታወቀ። ምክንያቱንም የአንዳንድ የግራፊክስ ቺፖች መያዣ ቁሳቁስ ደካማ መሆኑን ጠቅሶ አመነ።

የግራፊክስ ቺፕ በመያዣው ላይ የሚቀመጠው እንደ ገብስ ፍሬ እንኳ በማይሆኑ፣ እጅግ ባነሱ የብየዳ ነጥቦች ነው። ሲሊከኑና መያዣው ሲሞቁ እኩል አይለጠጡም፤ ሲቀዘቅዙም እኩል አይኮማተሩም። ስለዚህ እያንዳንዱ ማብራትና ማጥፋት እነዚያን ነጥቦች አንድ ጊዜ ጎትቶ አንድ ጊዜ ይገፋቸዋል። ሽቦ ወዲያና ወዲህ ሲታጠፍ ሲታጠፍ እንደሚበጠስ እነርሱም ይሰነጠቃሉ። በመካከል የሚፈሰው ማጣበቂያ ነጥቦቹን ደግፎ መያዝ ሲገባው፣ በሙቀቱ ከለሰለሰ ጫናው ሁሉ በብየዳው ላይ ይወድቃል። ላፕቶፕ ደግሞ ከማንኛውም ኮምፒዩተር ይልቅ በቀን ብዙ ጊዜ የሚበራና የሚጠፋ፣ አየሩ የጠበበ፣ በጉልበትና በአልጋ ላይ ተቀምጦ መተንፈሻው የሚደፈን ዕቃ ነው። የኤኒያክ ሠራተኞች መሣሪያቸውን ባለማጥፋት ያመለጡትን ነገር የላፕቶፕ ባለቤት በጠባዩ ሊያመልጠው አይችልም።

አንዳንድ አምራቾች በዚያን ጊዜ የወሰዱት እርምጃ ማራገቢያው ቀደም ብሎና ደጋግሞ እንዲዞር የሚያደርግ የባዮስ ማሻሻያ ማውጣት ነበር። ይህ ሙቀቱን ያቃልላል፤ የደከመውን ብየዳ ግን አያድንም። ሕመሙን ከማዳን ይልቅ ከዋስትናው ዘመን ማዶ ያሻግረዋል ተብሎ መተቸቱ ያለ ምክንያት አይደለም። አፕል በኦክቶበር 2008 ዋስትናው ያለቀበት እንኳ ቢሆን ከግዢው ቀን ጀምሮ እስከ ሁለት ዓመት ድረስ በነፃ እንደሚጠግን አስታወቀ፤ በኋላም ጊዜውን አራዘመ። በአሜሪካ የገዢዎች የጋራ ክስ በ2010 በስምምነት አለቀ። ክሱ ካልደረሰላቸው ባለቤቶች አንዳንዶቹ የላፕቶፑን ሰሌዳ አውጥተው በምግብ ምድጃ ውስጥ ያግሉት ነበር፤ የተሰነጠቀው ነጥብ ለጊዜው ሲገናኝ ኮምፒዩተሩ ለሳምንታት ነፍስ ይዘራና ተመልሶ ይሞታል።

እስከዚህ ድረስ ያለው የአንድ የአንድ ምርት ታሪክ ነው። በአጠቃላይ የገበያው ኮምፒዩተር በዕቃው ጉድለት የመቆም ዕድሉ ስንት ነው ለሚለው የተመዘነ መልስ የተገኘው በ2011 ነው። የማይክሮሶፍት ተመራማሪዎች ኤድመንድ ናይቲንጌል፣ ጆን ዳውሰርና ቪንስ ኦርጎቫን ወደ አንድ ሚሊዮን ከሚጠጉ የተጠቃሚ ኮምፒዩተሮች የተሰበሰበውን ዘገባ መርምረው አቀረቡ። በስምንት ወር ውስጥ ፕሮሰሰሩ በድምሩ ቢያንስ 30 ቀን የሠራ ኮምፒዩተር በፕሮሰሰሩ ክፍል ጉድለት የመቆም ዕድሉ ከ190 አንድ ነበር። ይህ ዕቃው «በጭራሽ አይሳሳትም» ለሚል ሻጭ ከበቂ በላይ መልስ ነው። ከፋብሪካው በተሰጣቸው ፍጥነት የማይሠሩት፣ ማለትም ባለቤቶቻቸው ያፈጠኗቸው ኮምፒዩተሮች ደግሞ ከሌሎቹ ይልቅ ደጋግመው ይወድቁ ነበር። የሚገርመው ላፕቶፖች ከጠረጴዛ ኮምፒዩተሮች ይልቅ በዕቃ ጉድለት የመውደቅ ዕድላቸው ከመቶ 25 እስከ 60 ያነሰ ሆኖ መገኘቱ ነው።

ለተቸገረው ገዢ ግን ከሁሉ የሚበልጠው የጥናቱ ግኝት ሌላ ነው። አንድ ጊዜ በዕቃ ጉድለት የወደቀ ኮምፒዩተር እንደገና የመውደቅ ዕድሉ እስከ መቶ እጥፍ ከፍ ይላል። «አንድ ጊዜ ነው፤ ይተወዋል» የሚለው ማጽናኛ በዕቃ ጉድለት ላይ አይሠራም። ስለዚህ አዲስ ላፕቶፕ መቆም ከጀመረ ዋስትናው ሳያልፍ መመርመር ይገባዋል። ምርመራውም ኮምፒዩተሩን ወደ ፋብሪካው አደራደር መልሶ፣ ማስታወሻውን ሌሊቱን ሙሉ ፈትሾ፣ ሙቀቱን እያዩ ፕሮሰሰሩን አስጨንቆ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እየለወጡ ነው። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ የለወጠ ሰው ኮምፒዩተሩ ቢሻለው እንኳ የትኛው እንዳሻለው አያውቅም። የቆመበት ቀንና ሰዓት፣ በዚያን ጊዜ ይሠራ የነበረው ሥራ፣ የታየው መልእክት በደብተር ላይ ቢሰፍር ደግሞ ከሻጭ ጋር ለሚደረገው ክርክር ከማንኛውም ንግግር የተሻለ ምስክር ይሆናል።

ይህ ሁሉ ዕውቀት ተከማችቶም ሳለ ታሪኩ በቅርቡ እንደገና ሲደገም ታየ። ኢንቴል በኦክቶበር 2022 የ13ኛውን፣ በኦክቶበር 2023 የ14ኛውን ትውልድ ኮር ፕሮሰሰሮች አወጣ። ከእነዚህ መካከል ፈጣን በሆኑት የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ፕሮሰሰሮች የሚሠሩ አንዳንድ አዳዲስ ኮምፒዩተሮች ጨዋታ ሲከፈት መውደቅ ጀመሩ። በገጹ ላይ የሚነበበው መልእክት የግራፊክስ ካርዱ ማስታወሻ እንዳልበቃ የሚናገር ነበር። ባለቤቶቹም ድራይቨር ቀየሩ፤ አንዳንዶቹ ሌላ ካርድ ገዙ። ካርዱ ግን አንዳች በደል አልነበረበትም።

ነገሩን ወደ ትክክለኛው አቅጣጫ ከመሩት መካከል ራድ የተባለው የጨዋታ መሣሪያ አዘጋጅ ክፍል ይገኛል። ጨዋታ ሲከፈት የታመቀው መረጃ የሚፈታው በፕሮሰሰሩ ኃይል ነው፤ ሥራውም ሁሉንም ክፍሎች በአንድ ጊዜ ያስጨንቃል። የራድ ፕሮግራም የተፈታውን መረጃ ትክክለኛነት ስለሚያጣራ ሌሎች ሳያዩ የሚያልፉትን ስሕተት ይይዛል። በ2024 መጀመሪያ ላይ ክፍሉ ስሕተቱ ከፕሮግራሙ ሳይሆን ከፕሮሰሰሮቹ እንደሚመጣ ለተጠቃሚዎች አስታወቀ። ከብዙ ደንበኞች የመጣው ዘገባ አንድ ላይ ባይታይ ኖሮ እያንዳንዱ ባለቤት ከካርዱ ጋር ሲታገል በቀረ።

ኢንቴል በጁላይ 2024 ፕሮሰሰሩን የሚመራው ማይክሮኮድ ከሚገባው በላይ ቮልቴጅ ይጠይቅ እንደነበረ ገለጠ። በሴፕቴምበር ደግሞ ሙሉውን ምክንያት አስታወቀ። የጊዜ ምትን ለፕሮሰሰሩ ክፍሎች የሚያደርሰው ሰርኪዩት በከፍተኛ ቮልቴጅና ሙቀት ያለ ዕድሜው ያረጃል፤ ባረጀ መጠንም በትክክል ለመሥራት የሚያስፈልገው ዝቅተኛ ቮልቴጅ ወደ ላይ ይሸሻል። ትላንት የበቃው ቮልቴጅ ዛሬ አይበቃም፤ ኮምፒዩተሩም ይቆማል። ኤከርት ከተፈቀደው በታች አስሠርቶ ዕድሜ የጨመረበት መንገድ እዚህ ተገልብጦ ተኪያሄደ። የላፕቶፕ ፕሮሰሰሮች በዚህ ጉድለት እንዳልተነኩ ኩባንያው አስታውቋል።

በኦገስት 2024 ጀምሮ በተከታታይ የወጡት የማይክሮኮድ እርማቶች ገና ያልተጎዳውን ፕሮሰሰር ለመጠበቅ የተዘጋጁ ናቸው። ያረጀውን ሰርኪዩት ወደ ቀድሞው አይመልሱትም፤ የተጎዳው መለወጥ አለበት። ለዚህም ሲባል ኢንቴል የሦስት ዓመቱን ዋስትና በሁለት ዓመት አራዝሞ አምስት አደረገው። በሜይ 2025 ደግሞ ለተከታታይ ቀናት በቀላል ሥራ ላይ ሳይጠፉ ለሚቆዩ ኮምፒዩተሮች የሚሆን ሌላ እርማት ወጣ።